የእቴጌ እሌኒን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

እቴጌ እሌኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሐዲያ ገዥዎች ቤት ተወልዳ በጋብቻ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገባች፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ስድስት ነገሥታት ሲፈራረቁ ያየች፣ በስተርጅናዋም የልጅ ንጉሥ ሞግዚት ሆና መንግሥት የመራች ሴት ናት። ታሪኳን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን ገና ብዕሩን ሲያነሣ ይቸገራል። ስለ እርሷ ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዜና መዋዕል የለም፤ ያለው የነገሥታቱ ሥራ ሲተረክ በመካከል ብቅ ብላ መልሳ የምትሰወርበት ጥቂት መስመር፣ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉት ማስታወሻ፣ አንድ ደብዳቤና የአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ጸሐፊዎች ክፍተቱን በግምት ይሞሉትና ከገጽ ወደ ገጽ የምትለዋወጥ፣ አንዴ ቅድስት አንዴ ብልጣብልጥ የሆነች እሌኒን ይሰጡናል። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሷ ለመጻፍ የሚፈልግ ተማሪ፣ መምህር ወይም የታሪክ ወዳጅ ምንጮቹን በምን ቅደም ተከተል ማንበብ፣ ዘመኑን እንዴት መስፈርና የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በነገሥታቱ ዘመን ይጀምሩ

ከሁሉ በፊት በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ የነገሥታቱን ዘመን ከላይ ወደ ታች ይጻፉ፦ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468፣ በእደ ማርያም ከ1468 እስከ 1478፣ እስክንድር ከ1478 እስከ 1494፣ ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን በ1494 ለጥቂት ወራት፣ ናዖድ ከ1494 እስከ 1508፣ ልብነ ድንግል ከ1508 እስከ 1540። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉና ስለ እሌኒ በጽሑፍ የተመሰከረውን ብቻ ያስገቡ። ይህን ሲጨርሱ የሥራው መልክ ወለል ብሎ ይታይዎታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነገሥታት ዘመን ጥቂት ነገር ግን ጠንካራ ማስረጃ፣ በእስክንድርና በናዖድ ዘመን ባዶ ሊባል የሚችል ቦታ፣ ከ1509 እስከ 1522 ባሉት ዓመታት ደግሞ ብዙ ወሬ ተከማችቶ ያገኛሉ። መጽሐፍዎም ይህንኑ መልክ ቢይዝ ነውር የለበትም። ሠላሳ ዓመት በሁለት ገጽ ቢያልፍና አንድ ደብዳቤ ዐሥር ገጽ ቢወስድ፣ አንባቢ ምንጩ የት እንደሚበዛና የት እንደሚሳሳ በግልጽ ይረዳዋል።

ወረቀቱ ዕድሜዋንም ለመገመት ይረዳል። እሌኒ ማዕረግ ይዛ የምትታየው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ ያረፈው በ1468 ሲሆን እርሷ ያረፈችው በ1522 ገደማ ነው፤ በመካከሉ 54 ዓመት አለ። ንጉሡ ሲሞት የ18 ዓመት ወጣት ብቻ ነበረች ብለን ብናስብ እንኳ ስትሞት ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር ማለት ነው። ጋብቻው ቀደም ብሎ ከተፈጸመ ደግሞ ዕድሜዋ ከዚያም ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ስሌት በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ያሳዩት እንጂ ውጤቱን ብቻ ወስደው «በዚህ ዓመት ተወለደች» ብለው አይጻፉ።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በዚያ ዘመን ስለ እርሷ የጻፉት ፖርቱጋሎች ይጠቀሙ የነበረው የዩልዮስን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዘመን መለወጫ በዚያ አቆጣጠር ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ይኸውም ኦገስት 29 ቀን ይውላል፤ ከአራት ዓመት አንድ ጊዜ ኦገስት 30 ይሆናል። ዛሬ መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11 የሚውለው አውሮፓውያን አቆጣጠራቸውን በ1582 ስላሻሻሉ ነው። ስለዚህ አንድን የ15ኛ ወይም የ16ኛ ክፍለ ዘመን ቀን በዛሬው ስሌት ቢመልሱት ከሳምንት በላይ ይዛነፋል። ለምሳሌ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ያረፈው ኦገስት 26 ቀን 1468 ነው፤ ይህ በዩልዮስ ስሌት ሲመለስ ጳጉሜን 3 ቀን 1460 ዓ.ም. ይሆናል። ሦስት ቀን ቢዘገይ ኖሮ በእኛ አቆጣጠር 1461 ዓ.ም. ይባል እንደነበረ ልብ ይበሉ። በዓመት አቈጣጠር ላይ «ሰባት ወይስ ስምንት ልቀንስ?» የሚለው ጥያቄም ከዚሁ የተያያዘ ነው፤ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያን ዓመት ማብቂያ ሰባት፣ ከጃንዩዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይቀነሳል። ወሩ በማይታወቅበት ጊዜ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

እያንዳንዱ ምንጭ ከየት ቆሞ እንዳየ ይጠይቁ

ዋናው የአገር ውስጥ ምንጭ የዘርዐ ያዕቆብና የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ነው። ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ዡል ፔሩሾን በ1893 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። ግእዝ የሚያነቡ ከሆነ ትርጉሙን ለማነጻጸሪያ ብቻ ይጠቀሙበት፤ የማያነቡ ከሆነ እሌኒ የተጠቀሰችባቸውን ቦታዎች ለይተው ግእዝ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጠው ቃል በቃል ያንብቡ። ዜና መዋዕል የሚጻፈው በቤተ መንግሥት ሰው እጅና ለንጉሡ ክብር መሆኑን አይርሱ፤ ንግሥቲቱ የምትነሣው ለንጉሡ ታሪክ ስታስፈልግ ነው። ይህ ማለት ግን የሚለው ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጸሐፊው ከመንገዱ ወጥቶ ስለ እርሷ ሲናገር ቃሉ የበለጠ ይመዝናል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ውስጥ ስለ እሌኒ የተሰጠው ምስክርነት ነው። ጸሐፊው በሁለት ወገን ያመሰግናታል፤ በመንፈሳዊው ነገር በጽድቅ ሥራ፣ በጸናች እምነት፣ በጸሎትና ሥጋ ወደሙን በመቀበል፤ በዓለማዊው ነገር ደግሞ የንጉሡን ማዕድ በማሰናዳት፣ ሕግን በማወቅና የነገሥታትን ታሪክ በመረዳት። ብዙ ሰው ይህን ምስጋና ጠቅላላ ውዳሴ አድርጎ ያልፈዋል። ረጋ ብለው ቢያነቡት ግን ሦስት የተለያዩ የሥልጣን መሠረቶች ይታዩዎታል። በዚያ ዘመን ግብር ማብላት አገር የሚገዛበት መንገድ ነበር፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ የሚያውቅ ሰው የመኳንንቱን ደረጃና ቅሬታ ሁሉ ያውቃል። ሕግ ማወቅ ደግሞ ፍርድ በሚሰጥበት ቦታ ድምፅ ያሰጣል። የነገሥታትን ታሪክ ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ «ቀድሞ እንዴት ነበር?» ተብሎ በሚጠየቅበት ቤተ መንግሥት መልስ የሚሰጠው የሚያስታውሰው ሰው ነውና። በወጣትነቷ ከሌላ አገርና ከሌላ ሃይማኖት የመጣች ሴት የዚህን ቤተ መንግሥት ሥርዐት ከተወለዱበት ሰዎች በላይ አጥንታ መያዟን የሚነግረን ይህ አንቀጽ ነው። እኔ የእሌኒን ታሪክ የምጽፍ ብሆን መጽሐፉ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ዙሪያ እንዲዞር አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ምንጭ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 በሮድሪጎ ዴ ሊማ ከተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ጋር በምጽዋ በኩል የገባ ፖርቱጋላዊ ቄስ ሲሆን፣ እስከ 1526 በአገሪቱ ቆይቶ ያየውንና የሰማውን ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። አልቫሬዝ ያየውን ሲናገር እጅግ የታመነ፣ የሰማውን ሲናገር ግን እንደ ነጋሪው ነው። ስለዚህ ከእርሱ የሚወስዱትን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «አይቶ» ወይም «ሰምቶ» ብለው በሁለት ይክፈሉት። ስለ እሌኒ የመጨረሻ ዘመን የሚናገረው ራሱ በአገሩ ሳለ የሆነ ነገር ነው፤ ስለ ወጣትነቷ የሚናገረው ግን ግማሽ ክፍለ ዘመን ያለፈው ትዝታ ነው። ፖርቱጋላዊው ሊቅ ዳሚያኦ ዴ ጎይስ ደግሞ ኢትዮጵያን አላያትም፤ የጻፈው ከደብዳቤዎችና ከዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ከጸጋ ዘአብ ያገኘውን ነው።

ከእነዚህ ሌላ በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ የጉልት ስጦታዎች አሉ። እነዚህ አጫጭር ጽሑፎች መሬቱ ለማን እንደተሰጠ፣ በማን ዘመን እንደተሰጠ፣ ማን በዚያ እንደነበረና ስጦታውን ለሚያፈርስ ሰው ምን ውግዘት እንደተደነገገ ይናገራሉ። ለሴቶች ታሪክ ከዜና መዋዕል የበለጠ የሚጠቅሙበት ጊዜ አለ፤ መሬት የያዘች ሴት ስሟ ያለ ጌጥ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነውና። በገዳም ወይም በደብር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለማየት ሲሄዱ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ጽሑፉን በራሱ ፊደልና ስሕተት እንዳለ ይቅዱት፤ የሚያርሙት ካለ በማስታወሻ ያርሙት።

ትውልዷን ስትጽፉ ከዛሬው ካርታ አትነሡ

እሌኒ የሐዲያ ገዥ የነበረው የገራድ መሐመድ ልጅ ናት፤ «ገራድ» የገዥነት ማዕረግ ነው። ሐዲያ በዚያ ዘመን የራሱ ገዥ ቤትና የራሱ ሥርዐት ያለው፣ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ግብር የሚከፍል አገር ነበር፤ ገዥዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። ይህን ሲጽፉ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይጠብቁዎታል። አንደኛው ዛሬ ሐዲያ የኢትዮጵያ አካል በመሆኑ የዚያን ዘመን ርቀት ማጥፋትና ሙሽራዋ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እንደሄደች አድርጎ መተረክ ነው። ሁለተኛው ባሕር ተሻግራ እንደመጣች እንግዳ አድርጎ ማቅረብ ነው። እውነቱ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በንግድ፣ በግብርና በጦርነት ለብዙ ትውልድ ከተሳሰሩ ሁለት መንግሥታት መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረች፣ በመሻገሯም ሃይማኖቷን፣ ስሟንና ቋንቋዋን የለወጠች የገዥ ልጅ ናት።

የጋብቻው ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ለመረዳት በዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ውስጥ ያለውን የማሒኮን ታሪክ ጎን ለጎን ያንብቡ። ማሒኮ የገራድ መሐመድ ልጅ፣ ስለዚህም የእሌኒ ወንድም ነው፤ በአባቱ ቦታ ሐዲያን ሲገዛ ቆይቶ ግብር አልከፍልም ብሎ በንጉሡ ላይ ዐመፀ። ዐመፁ ከሸፈ፤ ማሒኮ ተገደለ፤ አጎቱ ባሞ በእርሱ ቦታ ተሾመ። እንግዲህ የንጉሡ ሚስት ወንድም በንጉሡ ጦር ሲሞት፣ ሹመቱም ወደ ራሷ አጎት ሲተላለፍ እሌኒ በዚያው ቤተ መንግሥት ነበረች። ዜና መዋዕሉ ዓይኑን የጣለው በንጉሡ ድል ላይ ስለሆነ ስለ ሐዘኗ አንዳች ቃል ለመፍጠር አይሞክሩ። የወንድሟን ሞትና የእርሷን በማዕረግ መጽናት በተከታታይ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስቀምጠው ቢተዉት አንባቢው ራሱ ይቆምበታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አጻጻፍ መንቀፍ እወዳለሁ። «እሌኒ ከሙስሊም ቤት ስለተወለደች ከአዳል ጋር ሰላም ትወድ ነበር» የሚል አገላለጽ በብዙ ቦታ ይገኛል፤ አዳል በምሥራቅ የነበረ የሙስሊም ሱልጣኔት ነው። ጦርነትን ማስቀረት የምትመርጥ፣ በንግድና በድርድር የምታምን እንደነበረች የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ይሁን እንጂ በግብፅ ሱልጣን ላይ ከፖርቱጋል ንጉሥ ጋር በጦር ለመተባበር ደብዳቤ የላከችውም ይህችው ሴት ናት። አንድን የረጅም ዘመን መሪ በትውልዱ ብቻ መተርጐም ሥራውን ያኮስሰዋል። የሰላሙንም የጦሩንም ውሳኔ በየዓመተ ምሕረቱ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን በጊዜው ከነበረው ሁኔታ ጋር ያገናኙት።

ማዕረግንና ጋብቻን ለይተው ያንብቡ

እሌኒ የማን ሚስት ነበረች? በአንዳንድ መጻሕፍት የዘርዐ ያዕቆብ፣ በሌሎች የበእደ ማርያም ተብላ ተጽፋለች። ለዚህ መደባለቅ ምክንያት የሆነው ማዕረጓ ነው። በዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ንግሥታቱ «ቀኝ በዓልቲሐት» እና «ግራ በዓልቲሐት» በሚሉ ማዕረጎች ይሾሙ ነበር፤ እሌኒ የቀኙን ይዛ ትታያለች። በእደ ማርያም ሲነግሥም በማዕረጓ ጸንታለች። ይህን ያየ ሰው የሁለተኛው ንጉሥ ሚስት ናት ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል። በእኔ አስተያየት ግን ቀኝ በዓልቲሐትነት ሹመት ነው፤ ሹመት ደግሞ ከጋብቻው ውጭ ሊቀጥል ይችላል። ዘርዐ ያዕቆብ ሴቶች ልጆቹን በየአውራጃው ላይ ሾሞ እንደነበረ ስናስታውስ በዚያ ቤተ መንግሥት ሴት የያዘችው ማዕረግ የስም ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ እንረዳለን።

የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ተብላ በዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተገርፋ በዚያው ሳቢያ ሞታለች። በእደ ማርያም ዙፋን ላይ ሲወጣ እናት አልነበረችውም፤ እሌኒም የወለደችው ልጅ አልነበራትም። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ እንደ እናቱ ይወዳት እንደነበረ ሲናገር ይህን ሁኔታ አብረን ማሰብ አለብን። ሌላ ንግሥት በልጇ በኩል የምታገኘውን ሥልጣን እሌኒ ያገኘችው ከማኅፀኗ ባልወጣ ንጉሥ እናትነት ነው፤ ይህንኑ ቦታ ከዐርባ ዓመት በኋላ በልብነ ድንግል ዘመን እንደገና ትይዘዋለች።

በመካከል ያሉትን ዓመታት በአጭሩ ይለፏቸው

እስክንድር በሕፃንነቱ በ1478 ሲነግሥ ሥልጣኑ በእናቱ በሮምና፣ በዐቃቤ ሰዓት (በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ የቤተ ክህነት ሹም) ተስፋ ጊዮርጊስና በብትወደድ ዐምደ ሚካኤል እጅ ነበር። በኋላም ዐምደ ሚካኤል ከሥልጣን ወርዷል፤ እሌኒም ተሰሚነቷ ተመልሶላታል። የእስክንድርና የናዖድ ዘመን ዜና መዋዕል እጅግ አጭር ስለሆነ ከዚህ በላይ ለማስፋት አይድከሙ። ይልቅስ አንድ ነገር በጉልህ ይጻፉ፤ በ1494 ብቻ ሁለት ነገሥታት ሞተው ሦስተኛው ሲነግሥ፣ በዚያ ሁሉ ሽኩቻ መካከል ብዙ ታላላቅ ሰዎች ሲወድቁ እርሷ በቦታዋ ነበረች።

ደብዳቤውንና የማቴዎስን ጉዞ በሰፊው ይጻፉ

ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሥ ገና 11 ወይም 12 ዓመቱ ነበር። እሌኒ በሞግዚትነት በምትመራበት በዚህ ጊዜ፣ በ1509 ገደማ፣ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ይዞ እንዲሄድ ላከችው። ደብዳቤውን ዛሬ የምናነበው በፖርቱጋልኛና በላቲን ትርጉም ነው፤ ስለዚህ አንድን ቃል ነጥለው ትልቅ ሐሳብ አይገንቡበት፤ የሐሳቡን አካሄድ ግን በሙሉ እምነት ሊከተሉት ይችላሉ። የግብፅ ሱልጣን በፖርቱጋሎች ላይ መርከብ እያዘጋጀ መሆኑን እንደሰማች ትናገራለች፤ እርሷ በባሕር ላይ ኀይል እንደሌላት፣ በምድር ግን ብዙ ሰውና ብዙ ስንቅ ልታቀርብ እንደምትችል ትገልጻለች፤ በሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆች መካከል ጋብቻ እንዲደረግም ሐሳብ ታቀርባለች። ከደብዳቤው ጋር ከጌታ መስቀል የሆነ ቁራጭ ዕንጨት ልካለች።

ይህን ሲጽፉ የጋብቻውን ሐሳብ ቸል ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ራሷ በልጅነቷ በሁለት መንግሥታት መካከል በጋብቻ የተሰጠች ሴት፣ በእርጅናዋ ይህንኑ መንገድ ለማታውቀው ሩቅ መንግሥት ስታቀርብ እናያለን። የድክመቷንና የብርታቷን ልክ ለይታ መናገሯም የሚደነቅ ነው፤ ባሕሩ የእናንተ፣ ምድሩ የእኔ ይሁን የሚል ግልጽ ስምምነት ነው። በጎኑ የጊዜውን ሁኔታ ያስቀምጡ፦ ፖርቱጋሎች በፌብሩዋሪ 1509 በሕንድ ዳርቻ በዲዩ ባሕር ላይ የግብፅን መርከቦች ድል አድርገዋል፤ በምሥራቅ በኩል የዘይላው ማሕፉዝ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እየዘመተ ያጠቃ ነበር፤ በ1517 ደግሞ ኦቶማኖች ግብፅን ያዙ። እንግዲህ ደብዳቤው በተጻፈበትና መልስ በመጣበት ጊዜ መካከል ደብዳቤው የሚናገርለት ዓለም ራሱ ተለውጧል።

የማቴዎስን ጉዞ በየጣቢያው ይከተሉት። በ1512 መጨረሻ በሕንድ ወዳለችው ጎአ ደረሰና የፖርቱጋሎች የሕንድ ገዥ አልቡኬርኬ የመስቀሉን ቁራጭ በክብር ተቀበለ፤ ሌሎች ፖርቱጋሎች ግን ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ በመርከብ ጉዞውም አዋረዱት። በ1514 መጀመሪያ ሊዝበን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል በክብር አስተናገደው፤ ያንገላቱትም የመርከብ አለቆች ታሰሩ። በ1515 ዱአርቴ ጋልቫኦ ከተባለ ሽማግሌ መልእክተኛ ጋር ተመለሰ፤ ጋልቫኦ በ1517 በቀይ ባሕር በካማራን ደሴት ሞተ። ማቴዎስ ምጽዋ የደረሰው በኤፕሪል 1520 ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በደብረ ቢዘን አካባቢ ታሞ ሞተ። ከዐሥር ዓመት በላይ ተንከራትቶ የላከችውን ንግሥት ሳያይ ነው የሞተው። አዲሶቹ መልእክተኞች ቤተ መንግሥት ሲደርሱ ያገኙት ወጣት ንጉሥ ማሕፉዝን ድል አድርጎ የገደለ፣ በራሱ የሚተማመንና የፖርቱጋልን እርዳታ እንደ ቀድሞው አጥብቆ የማይሻ ነበር፤ ማቴዎስንም እርሱ ሕፃን ሳለ እሌኒ እንደላከችው አድርጎ ተናገረ። እነዚህን ዓመታት በአንድ አንቀጽ ብቻ ጠቅልለው ከሚያልፉ ይልቅ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ቢተርኩ፣ በዚያ ዘመን አንድ ውሳኔ ፍሬ እስኪያፈራ ምን ያህል እንደሚዘገይ አንባቢ ይረዳል።

ሥራዎቿን በዓይን አይተው ይመስክሩ

በምሥራቅ ጎጃም እነብሴ የሚገኘው መርጡለ ማርያም ከእሌኒ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣ ታላቅ ደብር ነው። እሌኒ በጎጃም ሰፊ ጉልት ነበራት፤ ቤተ ክርስቲያኑንም በብዙ ወጪ አሠርታዋለች። ሕንፃው በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጠፍቷል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሠርተዋል። ስለዚህ ዛሬ በቦታው የሚታየውን የተቀረጸ ድንጋይ ሁሉ የእሌኒ ነው ብለው አይጻፉ፤ የትኛው የማን ዘመን እንደሆነ የሕንፃ ታሪክ ከሚያውቅ ሰው ጋር መመልከት ያስፈልጋል። የአካባቢው ትውፊት ደግሞ የደብሩን አመሠራረት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል። ትውፊቱን በአክብሮት እንደ ትውፊት ይጻፉት፤ የእሌኒን ሥራ ከቀድሞው ቅድስና ጋር ያገናኘዋል እንጂ አያጠፋውም።

ዳሚያኦ ዴ ጎይስ እሌኒ ሁለት መጻሕፍት እንደደረሰች ጽፏል፤ አንደኛው «እንዚራ ስብሐት» ነው። ይህን ምስክርነት ከዜና መዋዕሉ የሊቅነት ምስጋና ጋር ያስተያዩት። ድርሰቱን ሳያነቡ ስሙን ብቻ መጥቀስ ግን ለመጽሐፍዎ ብዙም አይረዳውም፤ የማርያም ምስጋና የሆነውን ድርሰት ይፈልጉና ቢያንስ ጥቂት ክፍሉን አንብበው የቋንቋውን ጣዕም ለአንባቢ ያቅምሱት።

ሞቷንና የትረካውን ማብቂያ

እሌኒ ያረፈችው አልቫሬዝ በአገሪቱ ሳለ ነው። እርሱ የመዘገበው የሕዝቡ ልቅሶ ስለ እርሷ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው፤ እርሷ በሕይወት ሳለች ሁሉም በሕይወት እንደነበረና እንደተጠበቀ፣ እርሷ ስትሞት ታላቁም ታናሹም እንደሞተ፣ ለሁሉም አባትም እናትም እንደነበረች ይናገሩ ነበር። ይህን ልቅሶ ሲጽፉ የራስዎን ውዳሴ አይጨምሩበት። ከዚያም ንጉሡ የጎጃምን ግብር አስሰብስቦ በሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ፈረሶች በቤተ መንግሥቱ ፊት ሲያልፉ አልቫሬዝ ያየውን ያስከትሉ፤ በእጇ የነበረው አገር ምን ያህል ሀብታም እንደነበረ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነሥተው ወደ 1541 ይዘልሉና የፖርቱጋላዊውን የጦር አዛዥ የክሪስቶቮ ዳ ጋማን 400 ወታደሮች የእሌኒ ደብዳቤ ውጤት ያደርጓቸዋል። ያ ጦር የመጣው ልብነ ድንግል በ1529 በሽምብራ ኩሬ በኢማም አሕመድ ከተሸነፈና መንግሥቱ ከተናጋ በኋላ ራሱ በላከው አዲስ ጥሪ ነው። የእርሷ ደብዳቤ መንገዱን ከፍቷል፤ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው ትረካዎን በ1522 ላይ ያቁሙት።